ቦሎቄ በቋንጣ በኤሌክትሪክ ፕሬዠር ኩከር፦ ለደጋ ሰው የተስተካከለ አሠራር

ኩከሩን ገዝቼ ሱሉልታ ቤቴ ያስገባሁ ሰሞን መጀመሪያ የቀቀልኩበት ቦሎቄ ነበር። አብሮት የመጣው ወረቀት «የተዘፈዘፈ ቦሎቄ፣ 12 ደቂቃ» ይላል። 12 ደቂቃ ሞላሁለት፣ ጮኸ፣ እንፋሎቱን አስወጥቼ ከፈትኩት። ቦሎቄው ላዩ ተሰነጣጥቆ ውስጡ ጥሬ ነው። እንግዶቹ ደርሰዋል፣ እንጀራው ቀርቧል። ያን ቀን ሽሮ በላን።

ዕቃው ብልሽት ያለበት መስሎኝ ብዙ ተናደድኩ። ቆይቶ ነው የገባኝ፤ ዕቃውም ወረቀቱም ምንም አልሆኑም። ወረቀቱ የተጻፈው ባሕር ጠለል አጠገብ ለሚኖር ሰው ነው። እኔ ደግሞ ያለሁት ከእንጦጦ ጀርባ፣ ከ2,500 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። ከዚያ ወዲህ ደቂቃውን እያስተካከልኩ ብዙ ጊዜ ሠርቼዋለሁ። አሁን አንድም ፍሬ ጥሬ ሆኖ አይወጣም። በአዲስ አበባ ዙሪያ ያላችሁ ሁሉ በመጀመሪያው ሙከራችሁ እንዲሳካላችሁ የማደርገውን አንድ በአንድ እጽፋለሁ።

ስለ ከፍታው

ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል። አዲስ አበባ ላይ በ92 አካባቢ፣ ሱሉልታ ላይ በ91 አካባቢ ነው የሚፈላው፤ አየሩ ስለሚሳሳ ውሃውን የሚጫነው ነገር ያንሳል። ድስቱ የቱንም ያህል ቢንፈቀፈቅ ከዚያ በላይ አይሞቅም። እናቶቻችን ቦሎቄ ከጠዋት ጥደው ከሰዓት በኋላ የሚያወጡት ለዚህ ነው።

ፕሬዠር ኩከር እንፋሎቱን አፍኖ ሙቀቱን ወደ ላይ ይገፋዋል። ቢሆንም የሚገፋው ከውጭ ባለው አየር ላይ ተደርቦ ስለሆነ፣ የውጭው አየር ሲሳሳ ድምሩም ይቀንሳል። በቆላ 115 ዲግሪ ገደማ የሚደርስ ኩከር እኛ ዘንድ 110 አካባቢ ይቆማል። 5 ዲግሪ ትንሽ ይመስላል፤ ቦሎቄ ላይ ግን ትልቅ ልዩነት ያመጣል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ከ600 ሜትር በላይ ለእያንዳንዱ 300 ሜትር፣ በወረቀቱ ላይ ካለው ደቂቃ 5 በመቶ ጨምሩ። አቃቂ ቃሊቲ በኩል ያላችሁ፣ 2,100 ሜትር ገደማ ስለሆናችሁ፣ ሩብ ያህል ትጨምራላችሁ። ሰበታ፣ ለገጣፎና ሰንዳፋ ያላችሁ 30 በመቶ አድርጉት። እኛ ሱሉልታ ያለን ሲሶ እንጨምራለን። ይህ ለቦሎቄ ብቻ አይደለም፤ ሽንብራም፣ ባቄላም፣ የበሬ ሥጋም በዚሁ ይሄዳል።

ለምን ቋንጣ

ፈረንጆቹ ደረቅ ቦሎቄን የሚሠሩት ብዙ ጊዜ በቤከን ነው፤ ጨው ተደርጎበት በጭስ በደረቀ የአሳማ ሥጋ ማለት ነው። አብዛኛው የእኛ ቤት አሳማ አይገባበትም። ግን ቤከኑ ለቦሎቄው የሚሰጠውን ስታስቡት ጨው፣ ጭስና ጮማ ነው። ቋንጣ ሁለቱን ይዟል፤ በተለይ ምድጃ በላይ ተሰቅሎ የደረቀ የገጠር ቋንጣ ጭሱ ከሥጋው አይለይም። የሚጎድለው ጮማው ብቻ ነው። ቤከን ሲጠበስ የራሱን ስብ ያወጣል፣ ቋንጣ ግን ደረቅ ሥጋ ነው፤ ስለዚህ ጮማውን በተነጠረ ቅቤ እንሞላዋለን። የቤከንን አሠራር እንዳለ ወስዶ ቋንጣ ቢተኩበት ደረቅና ጨው የበዛበት ወጥ ይወጣል። እኔም በመጀመሪያ ያደረግሁት ይህንኑ ነው።

የሚያስፈልገው (ለ6 ሰው)

ግማሽ ኪሎ ደረቅ ቦሎቄ፣ 150 ግራም ያህል ቋንጣ፣ 3 ትልልቅ ቀይ ሽንኩርት በደቃቁ የተከተፈ፣ 2 የበሰለ ቲማቲም፣ 5 ፍሬ ነጭ ሽንኩርትና አውራ ጣት የምታክል ዝንጅብል አብረው የተወቀጡ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ በርበሬ፣ 3 የሾርባ ማንኪያ ዘይት፣ 2 የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ኮረሪማ፣ ጨው። ኩከሩ 5 ወይም 6 ሊትር የሚይዝ ይሁን።

ቦሎቄውን መምረጥ

እዚህ ላይ ጊዜ ስጡ፤ ግማሹ ሥራ ገበያ ላይ ነው የሚያልቀው።

ወደ እኛ ከሚመጣው ቦሎቄ ብዙው የስምጥ ሸለቆ ነው፤ ከመቂ፣ ከባቱ፣ ከቦሰት፣ ከሻሸመኔ አካባቢ። ቀዩ ከሲዳማና ከወላይታም ይመጣል። ዋናው አዝመራ የሚሰበሰበው ጥቅምትና ኅዳር ላይ ስለሆነ፣ ታኅሣሥ ላይ የምትገዙት አዲስ ነው፤ ነሐሴ ላይ የምትገዙት ደግሞ አንድ ዓመት ሊሞላው የቀረበ ነው። ቦሎቄ በሙቀትና በርጥበት ውስጥ በቆየ ቁጥር ይደነድናል፤ ውስጡ ያለው የሕዋሶቹ ማጣበቂያ ይጠነክርና ውሃ እንኳ ቢጠጣ አይፈታም። ቆላ መጋዘን ውስጥ ከርሞ የመጣ ቦሎቄ በእንጨትም በኤሌክትሪክም ያስቸግራል።

አዲሱን በዓይን መለየት ይቻላል። ቆዳው ያበራል፣ አልተጨማደደም፣ ቀዩ ገና ደመቅ ያለ ነው። የቆየው ቀይ ወደ ቡኒ ይጠቁራል፣ ነጩ ወደ ቢጫ ይሄዳል። ነቀዝ የበሳው ፍሬ በብዛት ካያችሁ እለፉት። ደግሞ ከሁለት ነጋዴ የገዛችሁትን አትቀላቅሉ፤ አንዱ ሲፈርስ ሌላው ጥሬ ይሆናል። ነጭና ቀይ ማቀላቀልም እንዲሁ ነው።

ቤት ስትገቡ ሰፌድ ላይ አድርጋችሁ ልቀሙ። ጠጠር ለጥርስ ብቻ አይደለም የሚያስፈራው፤ የኩከሩን ድስት ውስጠኛ ቅብም ይፍቀዋል።

መዘፍዘፍ፣ በጨው ውሃ

ማታ፣ ከመተኛታችሁ በፊት፣ አጥባችሁ በ2 ሊትር ውሃ ዘፍዝፉት። ውሃው ውስጥ 1 የሾርባ ማንኪያ ጨው ጨምሩ። «ጨው ከገባበት አይበስልም» ሲባል ሰምተን ነው ሁላችንም ያደግነው፣ እኔም ለብዙ ዓመት አምኜበታለሁ። እውነቱ ተቃራኒው ነው። የቦሎቄን ቆዳ የሚያጠነክሩት ካልሲየምና ማግኒዚየም ናቸው፤ የጨው ሶዲየም እየገባ ቦታቸውን ይይዛል፣ ቆዳውም ይለሰልሳል። በአንድ ቀን ሁለት ሳህን አድርጋችሁ አንዱን በጨው፣ አንዱን ያለ ጨው ሞክሩት፣ በጣታችሁ ታውቁታላችሁ። ቦሎቄን በእርግጥ እንዳይበስል የሚይዘው ኮምጣጣ ነገር ነው፦ ቲማቲም፣ ሎሚ፣ ኮምጣጤ። እሱን ወደ ኋላ እናቆየዋለን።

በእኛ ብርድ 8 ሰዓት አይበቃም፤ 12 ሰዓት ስጡት። አቃቂ ወይም ዱከም በኩል፣ ሞቅ ያለበት ቤት፣ 8 ሰዓት ይበቃዋል። በደንብ የጠጣ ፍሬ ለሁለት ሲከፈል መሃሉ ከዳሩ ጋር አንድ ዓይነት ቀለም አለው፤ መሃሉ ነጣ ያለ ደረቅ ነጥብ ካያችሁ ገና ነው።

ስለ ውሃው አንድ ነገር። ከተማዋ ከለገዳዲ፣ ከድሬና ከገፈርሳ ግድቦች ውሃ ታገኛለች፣ ከአቃቂ ደግሞ ከከርሰ ምድር። ከከተማው ዳር ያለን ብዙዎቻችን የምንጠቀመው የጉድጓድ ውሃ ነው። ማንቆርቆሪያችሁ ግርጌ ላይ ነጭ ቅርፊት የሚሠራ ከሆነ ውሃችሁ ያንኑ ካልሲየም በብዛት ይዟል፣ ቦሎቄውንም ያደነድነዋል። እንዲህ ከሆነ መዘፍዘፊያው ላይ ሩብ የሻይ ማንኪያ ቤኪንግ ሶዳ ጨምሩ። ከዚያ አይብለጥ፤ ሲበዛ ሳሙና ሳሙና ይላል፣ ቫይታሚንም ያጠፋል።

መዘፍዘፍ የረሳ ሰው ቦሎቄውን ከውሃ ጋር ኩከሩ ውስጥ ከትቶ 2 ደቂቃ በግፊት ያቆየውና ሳይከፍት 1 ሰዓት ይተወው። ከሌሊቱ መዘፍዘፍ ጋር እኩል ባይሆንም ይሠራል።

የተዘፈዘፈበትን ውሃ ሁልጊዜ ድፉት። ሆድ የሚነፉት ስኳሮች ከፊላቸው አብረው ይሄዳሉ።

ቀይ ቦሎቄ ላይ ጥንቃቄ

ጥሬ ቀይ ቦሎቄ፣ በተለይ ትልልቁ፣ ሌክቲን የሚባል መርዛማ ፕሮቲን አለው። ጥቂት ጥሬ ፍሬ እንኳ በ3 ሰዓት ውስጥ ኃይለኛ ትውከትና ተቅማጥ ያመጣል። የሚጠፋው በጠንካራ መፍላት ነው። በትንሽ እሳት ለብ እያለ የሚቆይ ከሆነ ግን አይጠፋም፤ እንዲያውም መርዙ ከጥሬው ሊብስ ይችላል። ስለዚህ ኩከራችሁ ላይ «ስሎው ኩክ» የሚል ቁልፍ ካለ ለቀይ ቦሎቄ በጭራሽ አትንኩት። በግፊት ሲበስል ሙቀቱ ከ100 ዲግሪ በደንብ ስለሚያልፍ ስጋት የለም። ውሃችን በ91 ዲግሪ ለሚፈላው ለእኛ ይህ ኩከር ከምቾት በላይ ጥቅም አለው።

ቋንጣውን ማዘጋጀት

ቋንጣውን ለሁለት ክፈሉት። አንዱን ግማሽ በሙቀጫ ወይም በእጅ ሰባብራችሁ፣ በለብ ያለ ውሃ 15 ደቂቃ አስቀምጡና ውሃውን ድፉ፤ ትርፍ ጨውና ከላይ የተቀባው ሚጥሚጣ ይለቃል። ይሄኛው ከቦሎቄው ጋር ይቀቀላል። ሌላው ግማሽ ደረቅ እንደሆነ ይቆይ፤ ጭብጥ ጭብጥ አድርጋችሁ በትንንሹ ሰብሩት። እሱ የሚገባው መጨረሻ ላይ ነው።

ቋንጣችሁ በጣም ጨዋማ ከሆነ፣ ወጡ ላይ እስከ መጨረሻው ጨው አትጨምሩ።

ቁሌቱን በመጀመሪያ፣ ከዚያ ማውጣት

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ቁሌቱን ሠርቶ፣ በርበሬውን ጨምሮ፣ ቦሎቄውንና ውሃውን ከላይ ደርቦ ይዘጋል። በርበሬ ከባድ ስለሆነ ግርጌ ይተኛል፣ ያራል፣ ኩከሩም «በርን» (አረረ) የሚል ምልክት አሳይቶ ይቆማል። ቲማቲሙም ቦሎቄውን ያደነድነዋል። ስለዚህ ለየብቻ እንሠራለን።

ኩከሩን «ሶቴ» (ክዳኑ ሳይዘጋ ማቁላያ) የሚለው ላይ አድርጉና ሽንኩርቱን ያለ ዘይት አቁላሉት። ውሃውን ጨርሶ ወርቃማ መሆን ሲጀምር 1 ማንኪያ ለመቀቀያው አስቀርታችሁ ዘይቱን ጨምሩ፣ ከዚያ በርበሬውን። በርበሬው እንዳያር በየጊዜው ጠብታ ሙቅ ውሃ እያላችሁ 10 ደቂቃ ያህል አብስሉት፤ የጥሬ በርበሬ ሽታ ሲጠፋና ዘይቱ ከዳር ሲወጣ ደርሷል። ነጭ ሽንኩርቱንና ዝንጅብሉን፣ አስከትላችሁም የተከተፈውን ቲማቲም ጨምሩና እስኪፈርስ አብስሉት። ወደ ጎድጓዳ ሳህን ገልብጡት። ድስቱ ግርጌ ላይ የተጣበቀውን በግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ በእንጨት ማንኪያ ፍቃችሁ እዚያው ሳህን ላይ ድፉ። ግርጌው ንጹሕ መሆን አለበት።

ከሰል የምታቀጣጥሉ ከሆነ ቁሌቱን እዚያ ላይ ሥሩት። እኔ መብራት በሚበዛበት ቀን ብቻ ነው በኩከሩ የማቁላላው።

መቀቀል

የተዘፈዘፈውን ቦሎቄ፣ የታጠበውን ቋንጣ፣ 1 የሾርባ ማንኪያ ዘይትና 1 ሊትር ያህል ውሃ ክተቱ። ውሃው ቦሎቄውን አንድ ጣት ያህል ይለፈው። ዘይቱ አረፋውን ይቀንሳል። ቦሎቄ ስለሚያብጥና ስለሚያረፋ ድስቱ ከግማሽ በላይ መሞላት የለበትም፤ አረፋ የእንፋሎት መውጫውን ከደፈነ አደጋ ነው። ከመዝጋታችሁ በፊት የክዳኑ ጎማ በትክክል መቀመጡን በጣት ዙሩት።

በከፍተኛ ግፊት፣ እኔ ሱሉልታ ላይ የምጠቀመው ጊዜ ይህ ነው፦ ትንሹ ነጭ ቦሎቄ 15 ደቂቃ፣ ትንሹ ቀይ 18፣ ትልቁ ቀይና ዝንጉርጉሩ 22። የከረመ ከመሰላችሁ 6 ደቂቃ ጨምሩ። ሳይዘፈዘፍ የሚገባ ቀይ ቦሎቄ 45 ደቂቃ ይፈልጋል፣ አበሳሰሉም አንድ ወጥ አይሆንም።

ሰዓቱ ሲያልቅ ቫልቩን፣ ማለትም የእንፋሎት መውጫውን፣ አትንኩ። ከ20 እስከ 25 ደቂቃ በራሱ ይብረድ። እንፋሎቱን ድንገት ብትለቁት ውስጥ ያለው ውሃ በኃይል ይፈላና የቦሎቄውን ቆዳ ይገሽልጠዋል፣ አረፋውም በቫልቩ ተረጭቶ ግድግዳ ይደርሳል። ግፊት ሲይዝ ከክዳኑ ላይ ብቅ የሚለው ፒን ወደ ታች ሲወርድ ብቻ ክፈቱ። አልከፈት ካለ በጉልበት አትሞክሩ።

ከተለያየ ቦታ 5 ፍሬ አውጡና በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መሃል ጨፍልቋቸው። አምስቱም ያለ ጉልበት ከፈረሱ ደርሷል። አንዱ እንኳ ከተንገራገረ ዘግታችሁ 5 ደቂቃ ጨምሩለት። ቁሌቱ ከገባ በኋላ አይለሰልስምና እዚህ ላይ አትቸኩሉ።

መብራት ቢሄድ

ዳር ያለን ሰዎች ይህን ካላወቅን አንሠራም። ግፊቱ ከያዘ በኋላ ከሄደ ክዳኑን አትክፈቱ፤ ኩከሩ ሙቀት ስለሚይዝ ለተወሰነ ጊዜ መብሰሉን ይቀጥላል። መብራቱ በደቂቃዎች ውስጥ ከመጣ የቀረውን ሰዓት ሙሉለት፤ ብዙዎቹ ኩከሮች በራሳቸው አይቀጥሉም፣ ሄዳችሁ መጫን አለባችሁ። ቀይ ቦሎቄ ከሆነና ከግማሽ ሰዓት በላይ ከቆየ ግን ከመጀመሪያው ሙሉውን ሰዓት ስጡት። ካልመጣ ድስት ላይ ገልብጣችሁ በከሰል ጨርሱት፣ በደንብ ይንፈቅፈቅ።

ማታ ኃይሉ ሲደክም ኩከሩ ግፊት ለመያዝ ከ10 ደቂቃ ይልቅ 25 ሊወስድበት ይችላል። ያ ሰዓት ከማብሰያው አይቆጠርም፤ ቆጠራው የሚጀምረው ፒኑ ሲነሳ ነው። ኩከሩ 1,000 ዋት አካባቢ ነው የሚበላው፣ የእንጀራ ምጣድ ከ3,000 በላይ። ሁለቱን አንድ ዲቫይደር ላይ አትሰኩ።

ማዋሃድ

ቦሎቄው ከደረሰ በኋላ ቁሌቱን መልሱበት፣ ክዳኑን ትታችሁ በ«ሶቴ» 15 ደቂቃ ያህል ይንተክተክ። አንድ ጭልፋ ቦሎቄ ድስቱ ግድግዳ ላይ ጨፍልቁበት፤ ወጡ ያለ ዱቄት የሚወፍረው በዚህ ነው። ግርጌውን እየነካካችሁ አማስሉ።

በሌላ መጥበሻ ቅቤውን አሙቁና ደረቁን ቋንጣ ጨምሩበት። ሁለት ደቂቃ ብቻ፤ ሽታው ቤቱን ሲሞላና ጠርዙ ሲከርር አውጡት፣ ከዚያ ካለፈ ይመራል። ከነቅቤው ወጡ ላይ አፍስሱት፣ ኮረሪማውን ነስንሱ፣ ጨውን ቅመሱ፣ አጥፉት። አንዱ ቋንጣ ከቦሎቄው ጋር ለስልሶ ጭሱን ለመረቁ ሰጥቷል፣ ሌላው ጥርስ ላይ ይከካል። ይህን ምግብ እንድወደው ያደረገኝ ይህ ነው።

ከመቅረቡ በፊት 10 ደቂቃ ይረፍ። በእንጀራም ጥሩ ነው፣ እኔ ግን በድፎ ዳቦ አስበልጣለሁ።

ለጾም

ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምም ሲገባ፣ ቋንጣና ቅቤውን ትታችሁ ዘይቱን እጥፍ አድርጉት። የጭሱን ነገር 3 ቃሪያ ከሰል ላይ አጥቁራችሁ፣ ልጣችሁ፣ ከትፋችሁ መጨረሻ ላይ በመጨመር ታገኙታላችሁ። የክዳኑ ጎማ የቅቤና የቋንጣ ሽታ ስለሚይዝ፣ እኛ ቤት ለጾም ሌላ ጎማ ገዝተን አስቀምጠናል።

የተረፈው

«ኪፕ ዋርም» (ሙቀት ማቆያው) ላይ አሳድራችሁ አትተኙ። ሌሊት መብራት ከሄደ ለብ ብሎ ያድርና ይበላሻል፣ ጠዋት መብራት መጥቶ ሲሞቅ ደህና ይመስላችኋል። ከተመገባችሁ በኋላ በ2 ሰዓት ውስጥ ሰፊ ዕቃ ላይ አብርዳችሁ ፍሪጅ አስገቡት፤ 3 ቀን ይቆያል። ቦሎቄ ሲያድር መረቁን ይጠጣና ይደርቃል፤ በግማሽ ኩባያ ሙቅ ውሃ ፈታ አድርጋችሁ አሙቁትና የደረቀ እንጀራ ፈርፍሩበት።